የቀይ ማገጥ አበባ ሲደርቅ ለምን ይበላሻል? ለሻይስ ምን ያህል ይበቃል?

ጠያቂ፦
ቀይ ማገጥ (ትሪፎሊየም ፕራተንሴ) በባህል ለሳልና ለችፌ ይጠጣል ይባላል። የተለቀመው አበባ በላስቲክ ተቋጥሮ ሲቀመጥ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። አደራረቁ እንዴት ነው? ለአንድ ሲኒስ ስንት ይሁን? ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ቢጠጣውስ?

ቅጠላ ቅጠል፦
ጥፋቱ የላስቲኩ ነው። እርጥብ አበባ ታፍኖ ሲቀመጥ ይሞቅና ይሻግታል። ሙሉ በሙሉ የፈካውን ብቻ፣ ጠዋት ጠሉ ከለቀቀ በኋላ ይልቀሙ፤ ጫፉ መጠውለግ የጀመረውን ይተዉት። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ፣ በወንፊት ላይ ሳይደራረብ ይሰጣ። ማድረቂያ ካለ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ላዩ ደርቆ የአበባው እምብርት ገና እርጥብ ይሆናል። አንዱን ፈልቅቀው መሐሉን ይዩ፤ ካልተፈረፈረ አልደረቀም። ሐምራዊ መልኩን ያልያዘውን ይጣሉት።

ሲኒ ሙሉ፦
ልማዳዊው መጠን 4 ግራም ደረቅ አበባ፣ በቀን እስከ 3 ጊዜ ነው። አበባው ቀላል ስለሆነ ማንኪያ ያታልላል፤ በሚዛን ይለኩት። የፈላ ውሃ አፍስሰው፣ ከድነው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩና ያጥሉት። ለቆዳ ደግሞ ያው ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተነክሮ ይለጠፋል፤ በተላጠና በሚያዥ ቁስል ላይ ግን አይሆንም። ለማረጥ ጊዜ ትኩሳት የሚሸጠው ክኒን ሌላ ነገር ነው፤ አይሶፍላቮኑ (በተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ተለክቶ የተጨመቀ ስለሆነ ከሻይ ጋር አይነጻጸርም። የክኒኑም ጥናቶች ውጤት እርስ በርስ አይስማማም።

ጥንቃቄ፦
ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ሳይማከር አይጠጣው። ሜቶትሬክሴት (ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድም እንዲሁ። አይሶፍላቮን እንደ ሴቴ ሆርሞኑ ኤስትሮጅን ስለሚሠራ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና በሆርሞን የሚያድግ የጡት ካንሰር ላለባት አይመከርም። ሻጋታውንም አቅልለው አይዩት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች ከብቶች እየደሙ ያለቁት የሻገተ የሜሊሎተስ (የማገጥ ዘመድ የሆነ ተክል) ድርቆሽ በልተው ነበር። በተክሉ ውስጥ ያለው ኩማሪን ራሱ ደም አያቀጥንም፤ ሻጋታው ነው ደም ወደሚያቀጥነው ዳይኩማሮል የሚለውጠው። ዋርፋሪንም ከዚያ ግኝት ነው የመጣው።

ቅጠላ ቅጠል፦
ሜሊሎተስም ቅጠሉ ሦስት ሦስት ስለሆነ ከማገጥ ጋር ይምታታል። አበባው ግን ረጅም ዘለላ ነው፤ ቢጫ ወይም ነጭ። የቀይ ማገጥ አበባ ክብ ነው፣ ወዲያው ከሥሩ ቅጠል ያቅፈዋል፤ በአብዛኛው ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ የቀስት ምልክት አለ። ነጩ ማገጥ በመሬት ይሳባል፣ አበባውም ቅጠል በሌለው ረጅም አገዳ ላይ ለብቻው ይቆማል።