ጫማዬ ውስጥ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች አገኘሁ፤ ጫማውን ወደ ባሌ ተራሮች ይዤው ልሂድ?

የአውሮራው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ቡልደር ክሪክ ወንዝ ላይ ትራውት ዓሣ ስናጠምድ ውለን ማታ የውኃ ጫማዬን ሳወልቅ ከምላሱ ሥር አሸዋ የመሰለ ነገር አየሁ። በባትሪ ሳበራበት ቀንድ አውጣ ነው። ትልቁ የስንዴ ቅንጣት ቢያክል ነው፣ ትንንሾቹ ጤፍ ያህላሉ። 23 ቆጥሬ ተውኩት። ለገና አገር ቤት እገባለሁ፤ ባሌ፣ ዌብ ወንዝ ላይ በዚሁ ጫማ ላጠምድ አስቤ ነበር። በበረኪና ባጥበው ይበቃል? ደግሞ ባለቤቴ «ቢልሃርዝያ ቢሆንስ?» ብላ ደንግጣለች፤ ልጁ በባዶ እግሩ ሲንቦጫረቅ ነው የዋለው።

ሰናይት፣ ዴንቨር፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጫማውን ወደ ሌላ ውኃ እንዳታስገባው። ቡልደር ክሪክ ውስጥ የኒውዚላንድ ጭቃ ቀንድ አውጣ የሚባል ወራሪ መጤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ግን አገሬውንም በጅምላ እንዳንኮንነው ለየው። አንዱን በመርፌ ጫፍ አንሳና ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስህ አዙረህ እየው። አፉ በግራህ በኩል ከዋለ ፋይሳ ነው፤ የዚሁ ወንዝ ተወላጅ ነውና ክፋት የለበትም። በቀኝህ ከዋለ ግን ገና ነው፤ ሊምኔያ የሚባለውም አገሬ ቀኝ ነው። ስለዚህ ክዳን ፈልግ። የኒውዚላንዱ ሲነካ ወደ ውስጥ ገብቶ አፉን በቀጭን ክዳን ይዘጋል፤ ፋይሳና ሊምኔያ ክዳን የላቸውም። ክዳን ያላቸው ሌሎች አገሬዎችም ስላሉ ቅርጹንም እይ፤ የኒውዚላንዱ ሾጠጥ ብሎ ረዘም ያለ ነው፣ አምስት ስድስት ዙር ይጠመዘዛል።

በረኪናውን ተወው፣ አይታመንም። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ገና ወንዙ ዳር ሳለሁ ጫማውን፣ በተለይ የማሰሪያውን ቀዳዳዎችና ምላሱን፣ በጠንካራ ብሩሽ እፈትጋለሁ። ቤት ስገባ ማሰሪያውንና ውስጠኛውን ሶል አውጥቼ ሁሉንም በፌስታል አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ፍሪዘር የማይገባውን ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቅ ውኃ 10 ደቂቃ እዘፈዝፋለሁ። ውኃው ቶሎ ይበርዳልና ቴርሞሜትር ያዝ፣ እየጨመርክ አቆየው። ፀሐይ ላይ ማድረቅም ይሠራል፤ ግን ከደረቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ የጫማ ውስጥ ደግሞ ደረቀ ሲሉት እርጥብ ነው። ሶሉ ፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ መሰል ጨርቅ) ከሆነማ ባትጫማው ይሻላል።

አቤል፣ ቨርጂኒያ፦ ትራውቱ አይበላቸውም እንዴ? ምግብ ከሆኑትማ ምን ክፋት አለው?

መምህር ዘ፣ ባሕር ዳር፦ አቤል፣ ይበላቸዋል፤ ግን አያጠግቡትም። ያ ክዳን በዓሣው ሆድ ውስጥም እንደተዘጋ ስለሚቆይ ብዙዎቹ በሕይወት በወዲያኛው በኩል ይወጣሉ። እነሱን ብቻ እንዲበላ የተደረገ ትራውት ክብደቱ ቀንሶ ታይቷል። በዚያ ላይ ድንጋይ ላይ ያለውን አልጌ ግጠው ትራውቱ የሚኖርባቸውን የውኃ ነፍሳት ያስርባሉ። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታዩት በ1987 እ.ኤ.አ. አይዳሆ፣ ስኔክ ወንዝ ላይ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 በላይ ተቆጥረዋል። እዚያ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ያለ ወንድ ይወልዳሉ። ስለዚህ ከ23ቱ አንዷ ካመለጠች በቂ ናት።

የአውሮራው፣ የልጁን ነገር ባለቤትህን አረጋጋት። ይህ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ አያስተላልፍም። እኛ አገር የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው፤ የቡልደር ክሪክ ነዋሪ አይደለም። ልጁ ቆዳው ላይ ቢያሳክከው ከወፎች ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላልና በራሱ ይጠፋል።

አቤል፣ ቨርጂኒያ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ መምህር። እንዶድስ? ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን አሳይተው የለም? ወንዙ ላይ ቢነሰነስ?

መምህር ዘ፣ ባሕር ዳር፦ አደራ፣ እንዳይሞከር! አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነው ያገኙት፤ የምንኮራበት ሥራ ነው። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፣ አገሬዎቹንም ቀንድ አውጣዎች አይምርም። ትራውት ባለበት ወንዝ ላይ መነስነስ ወንዙን መግደል ነው፣ ሕጉም አይፈቅድም።

የዲንሾ ልጅ፣ ባሌ፦ የአውሮራው ወንድሜ፣ ከመምጣትህ በፊት መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል። የዌብ ትራውት ራሱ ከኬንያ የመጣ እንግዳ ዓሣ ነው፤ ሌላ እንግዳ አያስፈልገንም። ይህ ውኃ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ነው የሚያልፈው፣ ከታች ስንት ሰውና ከብት ይጠጣዋል። ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ እዚህ 3,000 ሜትር ላይ ያለው ብርድ አይመቸውም፤ የአንተው ግን ብርድ ውኃ ነው የለመደው፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እባክህ ጫማውን እዚያው ተወው። የላስቲክ ቦት ሮቤ ገበያ ታገኛለህ፣ ካልሆነም የእኔን ታደርጋለህ። መረቡንም አታምጣ። ለማጥመጃ ፈቃዱ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብለህ ጠይቅ።

የአውሮራው፦ ተባረኩ። ሰናይት እንዳለችው መርፌ ጫፍ ላይ አድርጌ አየሁት፦ አፉ በቀኝ፣ ክዳን አለው፣ ሾጣጣ ነው። ሦስቱን ግን ልጄ «እነዚህ ግራ ናቸው» ብሎ ለየልኝ፤ ፋይሳ ሆነው ተገኙ። ጫማው ሁለት ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አድሯል፤ የልጄንም ሰንደልና መረባችንን ጨምሬያለሁ። ከእንግዲህ ይህ ጫማ ከቡልደር ክሪክ ሌላ ውኃ አይነካም። ዲንሾ የምመጣው የማጥመጃ ዘንጌን ብቻ ይዤ ነው፤ የእግሬ ቁጥር 43 ነው፣ ቦቱን አቆይልኝ።