የአካውንቲንግ ኮርስን ከእድር ሥራ ጋር ማገናኘት፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ (አስተባባሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። በዩኒቨርሲቲያችን ኮርሳቸውን በአገልግሎት መማር መልክ (ተማሪው ማኅበረሰቡን እያገለገለ የሚማርበት መንገድ) ማዘጋጀት ለሚፈልጉ መምህራን ድጋፍ እሰጣለሁ። አንድ የአካውንቲንግ መምህር ተማሪዎቻቸው የሰፈር እድሮችን ሒሳብ እንዲያደራጁ አስበዋል። ኮርሱ 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪውን የሥራ ሰዓት የሚለካ የክሬዲት መለኪያ)፣ ተማሪው 42፣ ጊዜው 16 ሳምንት። ስንት ሰዓትና ስንት እድር ይበቃል? ማርኩስ እንዴት ይሰጥ?

ቀመር
አንድ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ተብሎ ሲቆጠር፣ 5 በ27 ሲባዛ 135 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ 20 እስከ 25 ሰዓት ለእድሩ ይስጡ። ግን ሌላ አሳይመንት ይቀነስ፤ በላዩ ላይ ከተጫነ ተማሪው አጋማሽ ላይ ይጠፋል። 7 ሰው ያለው 6 ቡድን፣ 3 እድር ብቻ። በየእድሩ አንዱ ቡድን የመዋጮውን መዝገብ፣ ሌላው ወጪውንና ባንኩን ይያዝ። መጨረሻ ላይ የመነሻ ገንዘብ ሲደመር ገቢ ሲቀነስ ወጪ፣ ከእጅና ከባንክ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ኮርሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ወር መዋጮ በአንድ ወር ተመዝግቦ ወይም የተዘለለ የደረሰኝ ቁጥር ይገኛል።

የእድር ፀሐፊ
ለእድሩ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን በአካል አነጋግሩ። የሚፈልጉት ባላንስ ሺት (የሀብትና ዕዳ መግለጫ) ላይሆን ይችላል፤ «ውዝፍ ያለበት ማን ነው?» የሚለው ይበልጥባቸዋል። «ኦዲት» የምትለዋን ቃል ደግሞ ተማሪ አፍ ላይ እንዳትገኝ! ገንዘብ ያዡ ተጠረጠርኩ ብሎ መዝገቡን ይቆልፋል። አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል፦ መዝገቡ ከቦታው አይወጣም፣ በስልክ ፎቶ አይነሳም፣ የአባላት ስም በሪፖርት አይገባም፣ ምን በየትኛው ቀን እንደሚረከቡ።

ጳጉሜን
መዝገቡን ኤክሴል ላይ የምታስገቡ ከሆነ፣ እዚያ 13ኛ ወር የለም። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብላችሁ ብትጽፉ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒውተር ሜይ 13 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ስሕተት ስለማይል ማንም አያስተውልም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያየ ዓምድ ይግባ።

አስተባባሪ
እጅግ አመሰግናለሁ። መምህሩ በአገልግሎት ሰዓት ልክ ማርክ መስጠት አስበዋል፤ ያስኬዳል?

ማኅበረሰብ ተኮር
አያስኬድም፤ ሰዓት ከተቆጠረ ፊርማ ይመጣል እንጂ ሥራ አይመጣም። ከ100 ውስጥ 25 ለሚያስረክቡት መዝገብ፣ 15 ለሦስት አጫጭር ጽሑፎች ይሁን። ጽሑፉ «ደስ ብሎኛል» ሳይሆን፣ ክፍል ውስጥ የተማሩት የትኛው አሠራር እድሩ ላይ አልሠራም፣ ለምን? የሚለውን ይመልስ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የቆየ ልምድ ስላለው የቡድን ሥልጠና አሠራራቸውን ጠይቁ፤ መነሻው ጤና ቢሆንም የቡድን አደረጃጀቱ ይጠቅማል።

የእድር ፀሐፊ
ርክክቡ በ14ኛው ሳምንት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ፈተና ነው። ፋይል ብቻ ጥሎ መሄድ አይሠራም፤ የታተመ ቅጂ ይኑር፣ ተማሪዎቹ እጃቸውን ሰብስበው እያዩ ፀሐፊው ራሱ የአንድ ወር መዋጮ ያስገባ። ያልቻለበት ቦታ ላይ ፎርሙን ያቅልሉለት።