ለአሮጌ ሚያታ የትኛው ሾክ አብዞርበር ይሻላል?

በዚህ ሳምንት ሚያታ (የማዝዳ ትንሿ ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና) ያላቸው ሁለት ልጆች ስለ ሾክ አብዞርበር ጠየቁኝ። ለሁለቱም እዚሁ ልመልስ። የኔዋ በፈረንጆቹ የ1994 ኤንኤ፣ ማለትም የመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ ናት፤ የምነዳት ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ብርዱ ሲያልፍ አስፋልቱ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል፤ ምርጫዬንም የወሰነው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ሞላችሁን እዩ። የፋብሪካው ነው ወይስ መኪናዋን ዝቅ የሚያደርግ? ቢልስታይን ከሚባለው የሾክ ብራንድ ቢ6 ለፋብሪካው ሞላ የተሠራ ነው። ቢ8 ደግሞ አጠር ያለ ሆኖ ለዝቅተኛ ሞላ ነው። ሁለቱን ካምታታችሁ ገንዘባችሁ ባከነ።

ገንዘብ ካጠረ ኬዋይቢ ኤክሰል-ጂ የሚባለውን ሾክ ግዙ። ለሥራ መመላለሻ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ቢልስታይን ባለ አንድ ቱቦ ነው። ጋዙና ዘይቱ በፒስተን ስለሚለያዩ ዳገት ቁልቁለቱን ለረጅም ሰዓት ብትነዱም ዘይቱ አረፋ አይሠራም። የእሽቅድምድም ሜዳ ለሚወጣ ሰው እሱን እመክራለሁ። ለኔ መንገድ ግን ደረቅ አለብኝ፤ ትንሿም ጉድጓድ ወገብ ድረስ ትሰማለች።

እኔ የገዛሁት ኮኒ ስፖርትን ነው፣ ቢጫውን። ጥንካሬው ከላይ በዘንጉ ጫፍ ይስተካከላል። የሚለወጠው ሾኩ ሲዘረጋ ያለው ጥንካሬ ብቻ ነው፤ ሲጫን ያለው አይነካም። ከለስላሳው ጀምሩና ሩብ ሩብ ዙር እየጨመራችሁ ሞክሩት። በአዘቦት ቀን ለስላሳው ላይ እተወዋለሁ። እሁድ ጠዋት ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው የተራራ መንገድ ስወጣ ግማሽ ዙር አጠብቀዋለሁ። እዚያ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው፤ ቢሆንም በየመጠምዘዣው ልዩነቱ መሪው ላይ ይታወቃል። እንዴት ደስ እንደሚል!

ሾኩን ብቻ ቀይራችሁ ግን እንዳታቆሙ። ኤንኤ ላይ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ጉድጓድ ስትገቡ ሾኩ ቶሎ መጨረሻው ይደርሳል። እዚያ የሚቀበለው መግቻ ላስቲክ ደግሞ በዚህ ዕድሜው ተፈርፍሮ አልቋል። አዲስ አስገቡ። ከቻላችሁ የኤንቢን (የሁለተኛውን ትውልድ ሚያታ) የሾክ የላይኛውን መቀመጫ ግዙ፤ ኤንኤ ላይ ይገጥማል፣ ለጎማውም ተጨማሪ ቦታ ይሰጠዋል።

አገጣጠሙ ላይም አደራ። የኔን የገጠመው ጋራዥ መኪናዋ በሊፍት ተንጠልጥላ ሳለ ቡሎኖቹን ሁሉ አጠበቃቸው። መሬት ስትነካ መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች (ጎሚኒዎቹ) ተጠማዘው ቀሩ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ተቀደዱ፤ እንደገና ከፈልኩ። በጣም ነው ያናደደኝ። ስለዚህ መካኒኩን ሥራ ሳይጀምር ንገሩት፦ የታችኛዎቹ ቡሎኖች የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኙት መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ ነው። ከዚያ በቀጥታ የጎማዎቹን አቅጣጫ ለማስተካከል አላይመንት ውሰዷት።