የቆቃ ደለል፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ስላለው የቆቃ የኃይል ማመንጫ ግድብ ደለል ያዘጋጀነው የጥያቄ ረቂቃችን «ደለል መጥረጊያ ማሽን ይገዛ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያልተስማማችሁ አላችሁ። ምን ይውጣ፣ ምን ይግባ? እዚሁ ጻፉ።

የውሃ መሐንዲሷ፦
ማሽኑ ከመጀመሪያው መስመር ይውረድ። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጠናቀቅ ወደ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዝ ነበር። ኋላ የተደረጉ ልኬቶች ሲሶ ያህሉን ደለል እንደያዘው አሳይተዋል። ይህን ሁሉ ጭቃ ጠርገን የት እንድፋው? ዙሪያው እርሻ ነው። ደግሞም በየክረምቱ አዲስ ይመጣል። መጥረግ የሚያዋጣው ውሃ ወደ ተርባይን በሚገባበት አፍ አካባቢ ብቻ ነው።

በምትኩ መፍትሔው በሮቹ አከፋፈት ላይ ነው። ሱዳን በዓባይ ላይ ባለው የሮዘይርስ ግድብ ለዓመታት የሠራችበት መንገድ አለ። በሐምሌና ነሐሴ ሐይቁን ዝቅ አድርጎ ጭቃማውን ጎርፍ ማሳለፍ፣ ጎርፉ ሲጠራ በመስከረም መሙላት። ቻይናም በቢጫው ወንዝ ላይ ባለው የሳንሜንሺያ ግድብ ሐይቁ ገና በጥቂት ዓመት ሲደለልባት የግድቡን የታች በሮች ከፍታ ወደዚሁ ዘዴ ገብታለች።

የጥገና ባልደረባ፦
እህቴ፣ በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን ተርባይኑም ይታሰብ። ድሮ በሠራሁበት ጣቢያ ሐምሌ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስቸግረን የማቀዝቀዣው ውሃ ማጣሪያ ነበር። አጥበነው ሳንጨርስ መልሶ ይደፈናል። ማሽኑ ይግላል፣ ጭነት ይቀነሳል። ክረምቱ አልፎ ተርባይኑ ሲከፈት ደግሞ ውሃ መሪዎቹ ምላጮች ጠርዛቸው ተበልቶ፣ ጣት ሲያልፍባቸው እንደ ሞረድ ይሻክራሉ። በደለሉ ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ ከብረቱ ይጠነክራላ! ስለዚህ ውሃው ከልክ በላይ ሲደፈርስ ተርባይኑ ለሰዓታት እንዲቆም የሚፈቅድ መመሪያ ይግባ። ያቺ ቀን የምታሳጣው ኃይል ከአንድ ምላጭ ቅያሪ ይረክሳል ብዬ አምናለሁ። አለቆች ግን ይህን መስማት አይወዱም።

ከአዳማ አባል፦
ቆይ፣ ቆይ። ጭቃውን እናሳልፍ ስትሉ ወደ ማን? ከታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ ቆቃ በሚለቀው ውሃ ነው የሚሠሩት። የወንጂ የመስኖ ቦይ አለ። አዳማም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። እኛ ቧንቧ ከፍተን ጭቃ ልንቀዳ ነው?

የውሃ መሐንዲሷ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይህ መለየት አለበት። የዘንድሮውን ጎርፍ ማሳለፍ ማለት ወንዙ ግድብ ባይኖር ይዞት የሚወርደውን ጭቃ መልቀቅ ነው። የስድሳ ዓመቱን ዝቃጭ በቀናት ውስጥ ማጠብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን እኔም አልደግፍም። የመጀመሪያውን ብቻ እንጠይቅ። ቀኑ ቀድሞ ለውሃ አገልግሎቱና ለወንጂ ይነገር፣ የድፍርስነት ጣሪያም ይቀመጥለት።

የአፈር ጥበቃ ባለሙያ፦
ከላይ ያለውን ረሳችሁት። ደለሉ የሚመጣው ከአዋሽና ከሞጆ ወንዝ ነው። የሞጆ አካባቢ ቦረቦር ካልተገታ በር መክፈቱ ብቻ የትም አያደርሰንም። እርከን እንሥራ ስንል ግን ገበሬው የሚመልስልን አለ፦ «እኛ ቆፍረን መብራቱ ለከተማ?» ምን ትሉታላችሁ? ከኃይል ሽያጩ ጥቂት ሳንቲም ለተፋሰሱ ይመለስ የሚል አንቀጽ ይጨመር።

የጥገና ባልደረባ፦
ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ታሪፍ ከነካን ረቂቁ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል።

የአፈር ጥበቃ ባለሙያ፦
ይተኛ እንጂ፣ ያለ እሱ እኔ አልፈርምም።

ሰብሳቢ፦
ጋሼ፣ አይቆጡ። እስካሁን የገባኝን ልጻፍ። አንደኛ፣ የሐይቁ ጥልቀት በጀልባ እንደገና ይለካ፤ ያለ አዲስ ልኬት ማንም አይሰማንም። ወንዞቹ ወደ ሐይቁ ከመግባታቸው በፊት በሚለኩባቸው ሆምቦሌና ሞጆ ላይ ደግሞ የደለል ናሙና ጎርፉ በሚያጥለቀልቅበት ቀን ይወሰድ። አብዛኛው ጭቃ የሚወርደው በጥቂት ጎርፎች ነው፤ ውሃው ከጎደለ በኋላ ቢቀዳ ምን ዋጋ አለው? ሁለተኛ፣ የክረምት የበር አከፋፈት ለአንድ ክረምት በሙከራ ይሠራበት፣ አዳማና ወንጂ ከተስማሙ ብቻ። ሦስተኛ፣ ተርባይን የሚቆምበት የድፍርስነት መጠን ይወሰን። መጥረጊያው ለውሃ መግቢያው አፍ ብቻ ተብሎ ከረቂቁ ግርጌ ይገባል።

የታሪፉን አንቀጽ ጋሼ በራሳቸው ቃል ጽፈው እስከ ዓርብ ይላኩልኝ። ቅዳሜ በእሱ ላይ ድምፅ እንሰጣለን።