«ሆደ ሰፊ»ን ለአስረኛ ክፍል እንዴት እናስረዳ?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አስረኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። «አያቱ ሆደ ሰፊ ናቸው» የሚለውን ፍቱ ብላቸው ብዙዎቹ «ምግብ ይወዳሉ» ብለው ጻፉ። ፈሊጣዊ አነጋገርንና ዘይቤን በምን ለይቼ ላስረዳቸው?

መልስ፣ ከሐረር፦ መምህር፣ ልጆቹ ከ«ሆዳም» ጋር አምታተውት ነው። ሆደ ሰፊ ታጋሽ፣ ነገር ቻይ ሰው ነው። በአማርኛ ሆድ የስሜትና የምስጢር ማደሪያም ነው። ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ይባላል። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል። ምስጢሩን ያካፈለን ሰው የሆዱን አጫወተን እንላለን። እነዚህን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው፤ ሆደ ሰፊን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ድሬ ላይ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ አለዎት። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹን «ገራ ላፋ» ምንድን ነው ብለው ይጠይቋቸው። ቃል በቃል ሆዱ ለስላሳ ማለት ነው፤ ፍቺው ግን ሩኅሩኅ። ከቤታቸው ቋንቋ መጀመርን የመሰለ ነገር የለም።

ለልዩነቱ፣ ቃል እየቀየሩ ያሳዩአቸው። «ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» ያለ ኀፍረት መጣ ነው። ጨዉን በሳሙና ይተኩት፤ ፊቱን የታጠበ ሰው ብቻ ይቀራል። ፈሊጥ ቃል አያስቀይርም። «ተማሪዎቹ እንደ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወጡ» ግን ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። ጎርፉን ትተው «እንደ ንብ መንጋ» ቢሉም ያስኬዳል። ዘይቤን ልጆቹም መፍጠር ይችላሉ፤ ፈሊጥን ግን እንዳለ ነው የሚወርሱት። ለእኔ ዋናው ይኼ ነው። የዘይቤዎቹን ስም ማሸምደድ ቆይቶ ይደርሳል።

ከድሬዳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የቃል መቀየሩን ነገ እሞክረዋለሁ። የደቻቱን ምሳሌ ግን አልደፍረውም። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው ወስዷል። ዘመድ ያጡ ቤተሰቦች ልጆች ክፍል ውስጥ ይኖራሉ።

ከሐረር፦ እውነትዎን ነው፣ ይተዉት። ምሳሌ ሰሚውን ማየት አለበት። በምትኩ ለሰውኛ ዘይቤ፣ ማለትም ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ለሚያደርገው፣ የከተማችሁን ሙቀት ይጠቀሙ፦ «ድሬ ቀትር ላይ ታሸልባለች፣ ሲመሻሽ ትነቃለች።» ሱቁ ሲዘጋ፣ መንገዱ ጭር ሲል በየቀኑ ያዩታል። «ያሸለበው ማን ነው?» ብለው ይጠይቋቸውና ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እነሱ ይጻፉት።