«የቀረበ ሥራ የአዘጋጁ ንብረት ነው» በሚሉ ነጻ ውድድሮች እንሳተፍ?

መነሻ ጥያቄ፦ መመዝገቢያ የማያስከፍል የግጥምና የአጭር ልብወለድ ውድድር ሲወጣ ደንቡ ግርጌ ላይ «የቀረቡ ሥራዎች አይመለሱም፤ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» የሚል አይጠፋም። እንዲህ እያለም መሳተፍ ይገባል?

ስንኝ ቋጣሪ፦ አይገባም። ያሸነፈውን አንድ ጊዜ በመድበል ለማተም ፈቃድ መጠየቅ የአባት ነው። የወደቀውንስ ምን ሊያደርጉበት ይወስዱታል? የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። ይህን በሰርተፍኬት መለወጥ ነውር ነው።

ቀጨኔ፦ ኧረ ቀስ! አዘጋጁ ያቺን ዐረፍተ ነገር ከድሮ ማስታወቂያ ገልብጦ ለጥፏት ይሆናል እንጂ ግጥም ሊሸጥ አስቦ አይመስለኝም። እንዲያርም ጠይቁት፣ እሺ የሚል አይጠፋም። ጀማሪ ሥራውን በነጻ የሚያነብለት ዳኛ ሌላ የት ያገኛል?

ስንኝ ቋጣሪ፦ የስልክ እሺታ ማስረጃ አይሆንም። በኢሜይል ይጠየቅ፤ መልስ ካልመጣ አለመላክ ነው።

ወለላ፦ እናንተ በመብት ስትሟገቱ ብዙው ሰው የሚወድቀው ከዚያ በፊት ነው። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ግጥም «ያልታተመ» ለሚል ውድድር ብዙ ጊዜ አይሆንም። መሰረዝም አያድንም፣ ሌላ ቻናል ወስዶታል። ዳኝነቱ ስም ሳይታይ ከሆነ ከገጹ ላይ ስም ማጥፋት አይበቃም፤ የፋይሉ ስምና ዎርድ በፋይሉ መረጃ ውስጥ የሚይዘው የጸሐፊ ስምም ይጽዳ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ደግሞ ዳኛው ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሊከፈት ይችላል። ለግጥም ፒዲኤፍ ይሻላል። የወል ቤት በሚባለው የአማርኛ ግጥም ምጣኔ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (የድምፅ ክፍል) ነው፤ ፊደሉ ተልቆ ገጹ ከጠበበ የመጨረሻዋ ቃል ወደ ታች ትወርድና ቤት መምቻው ከቦታው ይጠፋል። ጥፋቱ የገጣሚው ይመስላል።

አራሚው፦ ወደ ውጭ ለሚልኩ ልጨምር። የኮመንዌልዝ የአጭር ልብወለድ ሽልማት ነጻ ነው፣ ከ2,000 እስከ 5,000 ቃል ይቀበላል፤ ግን ለአባል አገር ዜጋ ነው፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። የካናዳ ወይም የብሪታኒያ ዜግነት ያላቸው ልጆቻችን ይችላሉ። ለአፍሪካውያን አጭር ልብወለድ ለሚሰጠው ለኬን ሽልማት የታተመ ሥራ ነው የሚቀርበው፣ ያውም በአሳታሚው በኩል። ሳይንሳዊ ልብወለድና ፋንታሲ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ አዲስ ጸሐፊ «ራይተርስ ኦቭ ዘ ፊውቸር» አለ፦ በዓመት 4 ጊዜ፣ እስከ 17,000 ቃል፣ መብቱም ከጸሐፊው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ቀጨኔ፣ ንጥቂያ የሌለበት ነጻ ውድድር ይቻላል።
ቀኑንም ልብ በሉ። «ኤፕሪል 1» ማለት ሚያዝያ 1 አይደለም፣ መጋቢት 23 ነው፤ 8 ቀን ይበላችኋል። በግሪንዊች የምሽቱ 11:59 በእኛ ከሌሊቱ 8:59 ነው።

ቀጨኔ፦ እነሱ በጀት አላቸው። እዚህ አንድ የወጣት ማዕከል እያንዳንዱን ሰው ያስፈርም?

ስንኝ ቋጣሪ፦ ማስፈረም ምን አመጣው? «የአሸናፊዎችን ሥራ አንድ ጊዜ የማተም ፈቃድ ይኖረናል፤ ሌላው መብት የደራሲው ነው» ብሎ ደንቡ ላይ መጻፍ ብር አያስወጣም። ለደራሲው ስንት ቅጂ እንደሚሰጥ ቢጨመርበት ደግሞ እሰየው።

ወለላ፦ ከሁሉ የከፋው ሁሉንም የሚያሳልፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቀረበለትን ግጥም ሁሉ ማለት ይቻላል ለቀጣይ ዙር እያሳለፈ መድበሉን ለገጣሚዎቹ ለራሳቸው የሚሸጥ ነጻ ውድድር ነበር። «አልፈዋል፣ መጽሐፉን ለመያዝ ገንዘብ ያስገቡ» ከተባላችሁ ያው ነው።

ቀጨኔ፦ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። በአንድ መጥፎ አንቀጽ ግን ጀማሪውን ማስቀረት አሁንም አይዋጥልኝም። ሁለተኛ ደረጃ ሥራውን ይላክ፣ ምርጡን ያቆይ።

ስንኝ ቋጣሪ፦ ሁለተኛ ደረጃ ሥራ ልኮ አንደኛ ሊወጣ?