የእስያውያን ተማሪዎች ቁጥር በእርግጥ ቀንሷል? ሰንጠረዡን ለማንበብ እርዱኝ

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጄ በምትማርበት የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ማኅበር ውስጥ አገለግላለሁ። የእስያውያን ተማሪዎችን የሃያ ዓመት ቁጥር እንዳቀርብ ተጠይቄያለሁ፤ ለወላጆች ስብሰባ የኮሪያና የቬትናም ቋንቋ አስተርጓሚ መመደቡ የሚወሰነው በዚያ ነው። አሃዙን ስደረድር እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ መስመሩ በድንገት ይወርዳል። አንድ አባት «ኪራይ ሲወደድ ለቀው ሄዱ» ይላሉ። ጎረቤቶቼ ግን ያኔም አሁንም እዚሁ ናቸው። ምን ሆኖ ነው?

መልስ (የትምህርት መረጃ ባለሙያ)
እህቴ፣ ኪራዩን ከመውቀስዎ በፊት የምዝገባ ቅጹን ይመልከቱ። ቀድሞ ወላጅ ለልጁ ዘር አንድ ሳጥን ብቻ ይመርጥ ነበር። የፌዴራሉ ትምህርት መምሪያ በ2007 ባወጣው መመሪያ መሠረት ግን ትምህርት ቤቶች እስከ 2010–11 የትምህርት ዘመን ቅጹን መለወጥ ነበረባቸው። መጀመሪያ «ሂስፓኒክ (ዘርህ ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ) ነህ?» ይባላል፤ ቀጥሎ ዘር ይጠየቃል፤ ከአንድ በላይ መምረጥም ይቻላል። እናቱ ኮሪያዊት፣ አባቱ ነጭ የሆነ ልጅ ትናንት «እስያዊ» ተብሎ ተቆጥሮ፣ በማግስቱ «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዘር» ውስጥ ገባ። ልጁ ግን ያው ወንበሩ ላይ ነው! ግራፉን በዚያ ዓመት ላይ ይቁረጡት፤ አንድ መስመር አድርገው አይቀጥሉት።

መልስ (ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ሜሪላንድ)
ልጄ፣ መቶኛውን ብቻ አትመኚ። ከ1000 ተማሪዎች 200 እስያውያን ቢሆኑ 20 በመቶ ነው። ጠቅላላው ወደ 800 ቢወርድና 200ዎቹ ባይነኩ 25 በመቶ ይሆናል፤ አንድም ልጅ ግን አልተጨመረም። ሌላም አለ። በፌርፋክስ አብዛኞቹ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 7ኛና 8ኛ ክፍልን ብቻ ይይዛሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ልጆቹ በሙሉ ይለወጣሉ። ስለዚህ የአንድ ዓመት መዋዠቅ ሊያስደነግጥሽ አይገባም፤ የሦስት ዓመት አማካይ ውሰጂ። የሚመጣውን ዓመት ለመገመት ልጆች የሚልኩላችሁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 6ኛ ክፍል ተመልከቺ። የቨርጂኒያ ትምህርት መምሪያ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 የሚቆጠረውን በክፍልና በዘር ለይቶ ያወጣል።

መልስ (የሦስት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ)
እህቴ፣ ለአስተርጓሚ ከሆነ የተሳሳተ ሰንጠረዥ ይዘሻል። «እስያዊ» የሚለው ቃል ከፓኪስታን እስከ ጃፓንና ፊሊፒንስ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል፤ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ አይነግርሽም። ልጅ ስናስመዘግብ «በቤት የምትናገሩት ቋንቋ» የሚል ጥያቄ እንሞላለን። የዚያን ድምር በቋንቋ ተለይቶ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። የእኛም ልጆች «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ውስጥ ተውጠው፣ አማርኛ ለሚናገር ወላጅ አስተርጓሚ የተገኘው ይህንኑ ቁጥር ለምነን ካወጣን በኋላ ነው። በ2024 የወጣው የፌዴራል የዘር አጠያየቅ መመዘኛ ኮሪያዊ፣ ቬትናማዊ፣ ኢትዮጵያዊ እያለ ዘርዝሮ ይጠይቃል፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲተገብሩት መጀመሪያ የተሰጠው ጊዜ ግን እስከ ማርች 2029 ነበር። እስከዚያ አትጠብቂ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሳየው «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዘር» የሚለው ዓምድ ከ2010 በፊት ባዶ ነው! ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኔ ሥር ነበር። ግራፉን ቆርጬዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ለመዝገብ ቤቱ የቋንቋውን ድምር በጽሑፍ እጠይቃለሁ።